እንባው አልጠፋም፣ ጉልበቴ ግን አልታጠፈም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያጻፈኝ ባለፈው ሳምንት ስለ ግብና ስለ ስኬት ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ተረት አንስቶ፣ ያሰበው ላይ ያልደረሰ ሰው ከልቡ ስላልፈለገ ነው ብሎ ደመደመ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቶ ደግሞ አዘንኩ። ምክንያቱም ይህንኑ ነገር እኔም ለሰው ተናግሬዋለሁ፤ ያውም ለገዛ ልጄ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ለእኔ ተናግሮኛል። ተናጋሪም ሆኜ፣ የተባልኩትም ሆኜ አይቼዋለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉልበቴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሕክምናው በደህና አለቀ። ከዚያ በኋላ ቤት ሆኜ በቀን ሦስት ጊዜ የምሠራው እንቅስቃሴ ተሰጠኝ። ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ተረከዝን ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ግድግዳ ተደግፎ ትንሽ ዝቅ ማለት። ከባድ ነገር የለውም። ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መዳን ደግሞ ፈልጌያለሁ። እንዴት አልፈልግም? ደረጃ መውጣት አቅቶኛል፤ ሌሊት በተገላበጥኩ ቁጥር ሕመሙ ይቀሰቅሰኛል፤ ያን ጊዜ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ከመራመድ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ግን ከአልጋዬ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ። ጠዋት «ትንሽ ቆይቼ» እላለሁ። ከሰዓት «ማታ ረጋ ብዬ»። ማታ ደግሞ «ዛሬስ ደክሞኛል፣ ነገ አካክሼ እሠራዋለሁ»። እንዲህ ዛሬ ነገ ስል ስድስት ሳምንት አለፈ።

ለክትትል ስሄድ ጉልበቴ መታጠፍ የሚገባውን ግማሽ እንኳ አይታጠፍም። የመረመረኝ ባለሙያ ወረቀቱን አየና «እርስዎ መዳን አልፈለጉም ማለት ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሊያነቃኝ ብሎ ነው። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ እንባውም አልጠፋም። ጉልበቴ ግን በማግስቱም አልታጠፈም፣ በማግስቱም ምንም አልሠራሁማ።

በቀጣዩ ቀጠሮ የተቀበለችኝ ሌላ ባለሙያ ነበረች፤ ወጣት ናት። አልተቆጣችኝም። መዳን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም የሚል ነገርም አላነሳችም። «ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥርሴን እቦርሻለሁ አልኳት። «የት ቆመው?» እጅ መታጠቢያው ጋ። «ግራ እጅዎ ያን ጊዜ ምን ይይዛል?» ምንም። «እንግዲያው በግራ እጅዎ መታጠቢያውን ደገፍ ይበሉ። ብሩሹ አፍዎ ሲገባ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ማጠፍ ይጀምሩ፤ አሥር ጊዜ።» ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ እስክሪብቶ ሰጠችኝና ጀርባው ላይ በራሴ እጅ አስጻፈችኝ። «ብሩሹ አፌ ሲገባ ተረከዜን አነሳለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነው የወጣሁት። ይህን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ጥርስ ስለ መቦረሽ ለማውራት ነው ወይ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን እንቅልፌ ከዓይኔ ሳይለቅ ብሩሹን አፌ ከተትኩ፣ ተረከዜም ተነሳ። ወኔ የለ፣ ውሳኔ የለ፣ ከራስ ጋር ክርክር የለ። አሥር ጊዜ ቆጥሬ ጨረስኩ። የከሰዓቱን ስልኬን ቻርጀር ላይ ከመሰካት ጋር አያያዝኩት፣ የማታውን ደግሞ አልጋ ላይ ቁጭ ከማለት ጋር። በሦስተኛው ወር ደረጃውን መደገፊያውን ሳልይዝ ወጣሁ። መዳንን የፈለግኩት ግን ከበፊቱ አብልጬ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ጸሐፊያችሁን የማቆመው።

ነገሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ማንበብ ስጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሣራ ሚልን፣ ሺና ኦርቤልና ፓስካል ሺራን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ ያወጡት ጥናት አለ። 248 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ምንም የተለየ ነገር አልተደረገላቸውም። ሁለተኛዎቹ ስለ ልብ ሕመም አደገኛነትና የአካል እንቅስቃሴ ስለሚሰጠው ጥቅም ጥሩ ቀስቃሽ ጽሑፍ አነበቡ። ሦስተኛዎቹ ያንኑ ጽሑፍ አነበቡና በተጨማሪ በመጪው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ሆነው እንቅስቃሴውን እንደሚሠሩ ጻፉ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል 38 በመቶው ሠርተው ተገኙ። ቀስቃሹን ጽሑፍ ብቻ ካነበቡት 35 በመቶው። ቀንና ቦታ ከጻፉት ግን 91 በመቶው።

ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ቅስቀሳው ባዶ ሆኖ አይደለም። ያነበቡት ተማሪዎች እንቅስቃሴ ለመሥራት ያላቸው ሐሳብ በእርግጥ ጨምሮ ነበር። ፍላጎታቸው ከፍ አለ፤ እግራቸው ግን አልተነሳም። ይህ ነገር አንድ ጥናት ላይ ብቻ የታየም አይደለም። ቶማስ ዌብና ይኸው ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የሰዎችን ሐሳብ ለመለወጥ የተሞከረባቸውን 47 ሙከራዎች አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ሐሳቡ በደንብ በተለወጠበትም ጊዜ ድርጊቱ የተለወጠው ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ነው። በመፈለግና በማድረግ መካከል ሰፊ ገደል አለ ማለት ነው። ገደሉ ዳር ለቆመ ሰው «በደንብ ፈልግ» ብሎ መጮህ ምን ይረባዋል? የሚያስፈልገው መሻገሪያ ነው።

ያቺ ወጣት ባለሙያ ያስጻፈችኝ ዓረፍተ ነገርም ባለቤት አለው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው ለዓመታት ያጠናው። ቅርጹ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ሲወስን ዛሬ ሠራሁ ነገ ሠራሁ እያለ በየሰዓቱ ከራሱ ጋር ይደራደራል፤ በደከመው ሰዓት ደግሞ ድርድሩን ይሸነፋል። ዕቅዱ ከአንድ ሊታይ ከሚችል ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከብሩሹ ጋር፣ አስቀድሞ ከታሰረ ግን ድርድሩ ይቀራል። ብሩሹን ሲያይ ነገሩ ትዝ ይለዋል፣ እጅና እግሩም ይቀጥላል። ጎልዊትዘርና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ ላይ የተደረጉ 94 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ዘዴው ግብ ላይ በመድረስ ረገድ ቀላል የማይባል ለውጥ አምጥቶ አገኙት።

አስማት ነው እያልኩ አይደለም። ጨርሶ ለማይፈልግ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም አይሠራለትም። የሚሠራው ፈልጎ ላቃተው ነው። የጸሐፊያችሁን ጽሑፍ የሚያነቡት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። የማይፈልግ ሰው ስለ ግብ የተጻፈ ገጽ ገልጦ አያነብም።

ጽሑፉ ሌላም ምክር ነበረው። ሁልጊዜ ማታ ዓይናችሁን ጨፍኑና ግባችሁ ላይ እንደደረሳችሁ አድርጋችሁ አስቡ፣ ደስታውን አጣጥሙት ይላል። በዚህም አልስማማም። ጋብሪኤለ ኦቲንገን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን በደንብ ፈትሻዋለች። ከዶሪስ ማየር ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሥራ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ወደፊት ሥራቸው ምን ያህል ጊዜ በጎ ሕልም እንደሚያልሙ ጠየቀቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ ስታያቸው፣ ሥራ አግኝተው ሲደሰቱ ደጋግመው ያለሙት ጥቂት ማመልከቻ አስገብተው፣ ጥቂት ሥራ ቀርቦላቸው፣ አነስ ያለ ደመወዝ ሲያገኙ ተገኙ። ልብ በሉ፣ «ይሳካልኛል» ብሎ ማመን አልጎዳቸውም፤ እንዲያውም ሥራ የማገኝበት ዕድል ጥሩ ነው ብለው የገመቱት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። የጎዳው ፍሬውን በሐሳብ አስቀድሞ መብላቱ ነው። ኦቲንገን ከሄዘር ካፕስ ጋር በኋላ በሠራችው ሌላ ጥናት እንዲህ ዓይነት ሕልም የደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ማለትም ሰውነት የደረሰ መስሎት እንደሚዝናና አሳይታለች።

እኔም ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት እያየሁ የማደርገው ይህንኑ ነበር። ደረጃ ስወጣ፣ ስሮጥ፣ ሰዎች «እንዴት ዳንሽ!» ሲሉኝ አያለሁ። ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። ኦቲንገን የምትመክረው ምኞቱን ካሰቡ በኋላ ወዲያው «ከውስጤ የሚያግደኝ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ነው። የእኔ መልስ ሕመሙን መፍራት ነበር። ይህንን ብጠየቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እናገረው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ይህንን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ለዚህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ልጄ ለአንድ የሙያ ፈተና ትዘጋጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትዘጋጅ መጽሐፉ ፊቷ ተከፍቶ እሷ ስልኳ ላይ ስታፈጥ አየኋት። «አንቺኮ አትፈልጊውም! ብትፈልጊው ኖሮ እስካሁን አልፈሽ ነበር» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለቀስኩት ትዝ አለኝ፤ መመለስ ግን አይቻልም። መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው። ለሦስት ቀን ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ ልክ ነሽ፣ አልፈልገውም» አለችኝ። «አንቺ ስለምትፈልጊው ነው የጀመርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለዚህ ሥራ ስታወሪ ነው ያደግኩት። ስወድቅ የሚጨንቀኝ ፈተናው አይደለም፣ የአንቺ ፊት ነው።»

እንግዲህ ጸሐፊያችሁ እዚህ ላይ «ይኸው አላልኩም?» ሊል ይችላል። አዎ፣ አልፈለገችውም። ግን ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ግቡ የእሷ ስላልነበረ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙበት ነገር ይህ ነው፣ ፍላጎት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማሳየት። ነገሩ ራሱ ስለሚስበው ወይም ስላመነበት የሚሠራ ሰው አለ። ሰው እንዳይቀየመው፣ ወይም እንዳያፍር ብሎ የሚሠራም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ይለፋሉ። ኬነን ሼልደንና አንድሩ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጧቸው ጥናቶች ግቡ የራሱ የሆነለት ሰው ጥረቱን ረዘም አድርጎ እንደሚይዝና ሲደርስበትም የበለጠ እርካታ እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ሌላው የያዘው ግብ በጀመረበት ሰሞን ይሞቅና ይበርዳል። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበርድባት እኔ በላዩ ላይ «ፈልጊ» እያልኩ እሳት አነድ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው ሲያቅተው «አልፈለክም» ከማለት ይልቅ ብንጠይቀው የሚሻሉ ነገሮች አሉ። ግቡ የማን ነው? የእሱ ከሆነ መቼና የት ነው የሚጀምረው? ምንድን ነው የሚያስፈራው? ጊዜስ አለው ወይ? የታመመ ሰው የሚያስታምም፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት በሕፃን ለቅሶ የሚነቃ ሰው ግቡን ያላሳካው ከልቡ ስላልፈለገ ነው ማለት በደል ነው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸኛው በጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው «አንድ ቀን የዘለለ ሁሉንም ዘለለ» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሰውንም ይጎዳል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ይዘው አዲስ ልማድ ለመትከል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት መካከለኛው ግምት 66 ቀን እንደሆነ ያሳያል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። «21 ቀን ይበቃል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ በ22ኛው ቀን ራሱን የረገመ ሰው ይህን ቢያውቅ ምን ያህል ይቀለው ነበር! በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱ እንዳይተከል የሚያደርግ ሆኖ አልተገኘም።

ጉዳት የሚያመጣው መዝለሉ ሳይሆን ከዘለሉ በኋላ ራስን መቀጥቀጡ ነው። ማይክል ዎል፣ ቲሞቲ ፒቺልና ሻነን ቤኔት በካናዳ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያሳድሩ ከቆዩት መካከል ለዚያ ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሚቀጥለው ፈተና ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነው ዛሬ ነገ ያሉት። ሰው ራሱን ይቅር ካለ ይለግማል ብለን እንፈራለን። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ለእኔ ይህ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል፤ አንድን ወረቀት ባየሁት ቁጥር ራሴን የምሰድብ ከሆነ ወረቀቱን አለማየት እመርጣለኋ። ያን ስድስት ሳምንት መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ገልብጬ ነበር የማስቀምጠው።

የምጠይቃችሁ ነገር ከባድ አይደለም። ስለ ግብ የሚጽፉላችሁን ሰዎች አታስቁሟቸው፤ ብዙ ሰው ይፈልጋቸዋል፣ እኔም አነባቸዋለሁ። ግን «ያልደረሰ አልፈለገም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከማተማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። ሌላ ዓምድ ላይ ደግሞ በዚህ ዘርፍ የተማረ ባለሙያ ብታናግሩልን ደስ ይለኛል፤ እኔ አንባቢ እንጂ አጥኚ አይደለሁም፣ የማውቀውም የራሴን ጉልበት፣ የልጄን ፊትና ያነበብኩትን ብቻ ነው።

ልጄ ፈተናውን ትታዋለች። አሁን የምልክት ቋንቋ እየተማረች ነው። መስማት የተሳናት የሥራ ባልደረባ አለቻት፤ ከእሷ ጋር ያለ ወረቀት ማውራት ፈልጋ ነው የጀመረችው። ማንም አላዘዛትም፣ እኔም አልሰማሁም ነበር። በሩ ጀርባ ካለው መስቀያ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋለች፦ «ቦርሳዬን ስሰቅል አምስት ቃል እለማመዳለሁ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን አመለጣት፤ ራሷ ነገረችኝ። ምንም አላልኩም። ትናንት ማታ ገባች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ጋ እንደቆመች ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ጉልበቴን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ አየኋት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ